ለሀገር ሰው የማይሸጥ መክተፊያ

ኅዳር 4፣ ሐሙስ። ጠዋት 1 ሰዓት

ዛሬም ሦስት ቆረጥኩ። ሁለቱ ደህና ናቸው። ሦስተኛው ከዳሩ ተሰንጥቋል፤ ለቁልፍ መያዣ ይሆናል። መሮው ደንዝዟል፣ ድንጋይ ላይ ሳልኩት። ወ. ሳትመጣ ሰጋቱራውን ጠርጌ ማቃጠል አለብኝ። የዚህ እንጨት ሽታ ቤት ውስጥ ይቆያል። በሩን ከፍቼ ነፋስ እጠብቃለሁ።

ከሰዓት 9 ሰዓት

አዲስ ደብተር ስለሆንክ ልንገርህ። ወ. ማለት ወርቄ ናት፣ የሥራ ጓደኛዬ። እኔ እቆርጣለሁ፣ እቀርጻለሁ። እሷ በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሳለች፣ የኑግ ዘይት ትቀባለች። መክተፊያ፣ ማንኪያ፣ ትንንሽ መስቀል፣ እንግዶች ለማስታወሻ የሚወስዱት ሁሉ። እኔ ቀኑን ሙሉ አሥር ቃል ብናገር ነው። እሷ አሥሩን ገና በሩን ሳታልፍ ትጨርሰዋለች።

ዛሬ እስከ ክንዷ ዘይት ሆና ሳቀች። ስንሞት ቆዳችን እንደ መክተፊያ ያበራል አለች፣ ሊያነሱን የመጡት መላእክት ያዳልጣቸዋል።

አስጎብኚው ሲሳይ መጣ። ለገና የሚመጡ እንግዶች ስላሉ ሠላሳ መክተፊያ ይድረስልኝ አለ። እሺ አልኩ። ቆሞ ሲያየኝ ቆየና “እማዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ‘እምቢ’ በይኝና ልደንግጥ” አለኝ። ወ. ትንፋሿ እስኪያጥር ሳቀች።

እሱ ሲሄድ ወ. እንደገና ጠየቀችኝ። ጋሸና ምግብ ቤት ላላት ልጇ አንድ መክተፊያ ትፈልጋለች። ይሄ የታዘዘ ነው አልኳት። “ምነው እቴ የሺ፣ የፈረንጅ ሽንኩርት ከኛ ሽንኩርት በምን ይበልጣል?”

መሮዬን አነሣሁ። አራተኛ ጊዜዋ ነው።

ኅዳር 7፣ እሑድ

ከቤ/ክ ተመለስኩ። እኔ ከደጀ ሰላሙ ውስጥ ቆሜ አስቀደስኩ። ወ. እንደ ሁልጊዜው ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ። እኔ የተገዘተ ሰው ሚስት ነኝ ትላለች፣ ደግሞም ውጭው ነፋሻማ ነው።

ዛሬ ልጻፈው። ሦስት ደብተር ሞልቼ ይህን አንድ ነገር ዘልዬዋለሁ። ፊደል የለየሁት ግድግዳዬ ላይ ከለጠፍኩት አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ሰው አላስተማረኝም። አንባቢ የሆንኩት ብቻዬን ስለሆነ፣ የጻፍኩትንም ብቻዬን ነው የማነበው። ታዲያ ማንን ነው የምፈራው?

ከብዙ ዓመት በፊት፣ የጥምቀት ዕለት ነው። ከተማው አፋፍ ላይ ያለው የሰፈራችን ሚካኤል ታቦቱ ወርዷል። ሕዝቡ ሁሉ አብሮ ወርዷል። እኔ ምች መትቶኝ ተኝቻለሁ። ከቀትር በኋላ ባሌ ደ. አህያ እየነዳ ገባ። (ስሙን ሙሉውን ልጽፍ ስል እጄ እምቢ ይላል።) አህያዋ ላይ ጭድ፣ ጭዱ ሥር የወይራ ጉማጅ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ከታች ከበሮው ይመታል፤ መጋዙን ማን ይሰማል? ከየት ነው አላልኩም። ሽታው ነገረኝ። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ያለችው ትልቋ ወይራ ናት፣ የድንጋይ ደወሉ የሚንጠለጠልባት። ሆቴል የሚሠሩ ሰዎች የበር እንጨት ይፈልጋሉ አለኝ፣ ቁልቁል እያየ።

ጥር 12 ቀን ታቦቱ ሲመለስ፣ ደወሉ መሬት ላይ ወድቆ ተገኘ።

አውጫጭኝ ተቀመጥን። አንተ ደብተር ነህና አታውቅም። መንደሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይወጣል፤ ሌባው እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ያየ ሰው በስሙ አይናገርም። ለአንድ ሽማግሌ በጆሮው ይነግራል፤ ሽማግሌው ተነሥቶ “ወፍ ነገረችኝ” ይላል። ወፏ ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም። ነውር ነው።

ሁለት ቀን ማንም ምንም አላለም። ከብቱ ውኃ ሳይጠጣ ይጮሃል። በሦስተኛው ቀን ሰው ደ.ን ማየት ጀመረ። በሰፈሩ ትልቅ መጋዝ ያለው እሱ ብቻ ነበር። እኔም ተነሣሁ፣ ወደ አንዱ ሽማግሌ ሄድኩ፣ ጎንበስ አልኩ። የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው፦ የጥምቀት ዕለት አያ ሞላ መጥረቢያ ይዞ ወደ ሚካኤል ሲወጣ አይቻለሁ።

እውነት ነው። በመስኮት አይቻለሁ። አያ ሞላ የግቢው ጠባቂ ነበር። ለበዓሉ ዝክር እንጨት ሊፈልጥ ከሚካኤል አልፎ ወደ ግራሩ ነው የወጣው፤ በትከሻው ገመድም ይዞ ነበር፣ ማታም የግራር ፍልጥ ተሸክሞ ሲወርድ አይቼዋለሁ። ይህን አልጨመርኩም። የጀመርኩትን እውነት ግማሹን ዋጥኩት።

ወፍ ነገረች ተባለ። አያ ሞላ ማለ፣ አለቀሰ። ያን ጊዜ የነበሩት ካህን አወገዙት። ከእሱ ጋር የበላ፣ እሳት ያበደረው፣ አይቶም ያልተናገረ ሁሉ እንደ እሱ የተገዘተ ይሁን አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እኔም አሜን አልኩ። በራሴ ላይ።

በወሩ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ጋሸና ወረደ። ሚስቱ ወርቄ ናት።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ትናንት የጻፍኩትን አነበብኩት። ገጹን ልገነጥለው ነበር። አልገነጠልኩም።

ቀሪውን ልጨርስልህ። ደ. እንጨቱን መሸጥ አልደፈረም። አልጋችን ሥር ከተተው፣ ላዩ ላይ ተኛን። በሦስተኛው ዓመት ሆዱን ታሞ ሞተ። እኔ መሮውን አነሣሁ። ሴት ልጅ መጥረቢያ ይዛ አሉ፤ ባሏን የቀበረችበትን እጅ እንጨት ላይ ትጨርሳለች አሉ። ዝም አልኩ። ዝምታዬን ጨዋነት ብለው ወሰዱልኝ። ከዚያ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም፤ እሱንም ትሕትና ብለው ወሰዱልኝ።

እንጨቱን ከገበያ ከምገዛው ጋር እየቀላቀልኩ በትንሽ በትንሹ እቆርጠዋለሁ። ለሀገር ሰው ግን ሸጬ አላውቅም። ባሕር የተሻገረ እንጨት አይመለስም ብዬ። የሀገር ሰው ሲጠይቀኝ አለቀ እላለሁ፣ የታዘዘ ነው እላለሁ።

ሁለት ዓመት ሆነው፣ ወ. ባሏ ታሞ ሥራ ሲያቆም ከጋሸና ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። በዚያው ሰሞን ቀበሌ ሥራ የሌላቸውን ሴቶች በማኅበር አደራጀ። ስም ተነበበ። የሺና ወርቄ፣ የእንጨት ሥራ። ወጣቱ ጸሐፊ ቀና ብሎ ችግር አለ ወይ ሲል ጠየቀን። ወ. እኔ ከሰይጣንም ጋር እሠራለሁ፣ ሥራ ይኑር እንጂ አለች። ሰው ሳቀ። እኔ እሺ አልኩ።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ከሰዓት

አልጋ ሥር ገብቼ አየሁ። አንድ ጣውላ ብቻ ቀርቷል። ረዥም፣ ወፍራም፣ እንከን የሌለው። እጄን ሳሳርፍበት ቀዝቃዛ ነው።

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዓርብ የኅዳር ሚካኤል ነው። ከሱ የተወሰደውን ለሱ ብመልስስ? አትሮንስ እሠራለሁ፣ መጽሐፍ የሚነበብበት። ከአንድ ጣውላ ሳይነጣጠል የሚከፈተውን ዓይነት። ደ. አንዴ አሳይቶኛል። ስለት ነው ብዬ እሰጣለሁ። እንጨቱ ወደ ቤቱ ከተመለሰ የግዝቱ ማሠሪያም ይላላል።

ደብተሬ፣ ከስንት ዓመት በኋላ ዛሬ እራቴን ጠግቤ በላሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

ሁለት ቀን ከቤት አልወጣሁም። ወ.ን አሞኛል ብዬ መለስኳት። አጥሚት አምጥታ በመስኮት ሰጠችኝ፤ ድምፅሽ የታመመ ሰው አይመስልም አለች።

መሮው መሐሉን ሲያልፍ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ትንሽ ቢስት ለሁለት ይሰነጠቃል። አልሳተም። ተከፈተ። እንደ ሁለት እጅ ተያይዞ ተከፈተ። ሰም ቀባሁት። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። የሚካኤል ዕለት

ሰጠሁ።

ከቅዳሴ በኋላ ነው። አሁን ያሉት አስተዳዳሪ ሕዝቡ ፊት አነሡት፤ ገለጡት፣ አጠፉት፣ ገለጡት። “ይህች ዝምተኛ መበለት የሠራችውን እዩ! ከድህነቷ አውጥታ ነው!” እልልታው ግቢውን ሞላው። ከአጥሩ ውጭ አንድ እልልታ ከሁሉም በልጦ ረዘመ። ወ. ናት። ድምፅዋን አውቀዋለሁ። እኔ ወፍ ሆኜ የሸጥኩት ሰው ሚስት፣ ባሏ በተገዘተበት እንጨት እልል ትላለች።

አስተዳዳሪው እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ። እጃቸው ከበደኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በመንፈስ ተነክታ ነው አሉ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። በርበሬ የምትሸጠው ሴት ከሰፈረችልኝ ላይ ጭብጥ ጨመረችልኝ፤ ለሚካኤል የሰጠሽ እጅ ነው አለች። ሽማግሌዎች መንገድ ለቀቁልኝ። ሾልኬ የምወጣበት ሽንቁር ሁሉ ተደፍኗል። ትናንት ብናገር አንዲት ሌባ መበለት ነበርኩ። ዛሬ ብናገር በሕዝቡ ላይ ያሾፍኩ ሴት እሆናለሁ፤ የራሱን ሰጥቼው እልል ያስባልኩ።

ማሠሪያው አልላላም። ደ. የወሰደው እንጨት ነው። እኔ የወሰድኩት ሰው ነው። እንጨት መልሼ ሰው ይመለሳል ብዬ ነበር። ምን ዓይነት ሞኝነት ነው!

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ጾሙ ከገባ አምስት ቀን። ማገዶ ረጥቧል፣ ጭሱ ዓይኔን ፈጀው።

ሲሳይ ሞባይሉን ይዞ እየሮጠ መጣ፣ ከጋሸና የደወለችው የወ. ልጅ ናት። ወ. ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ እየጮኸች አወራች፤ ጋሸና ድረስ በድምፅዋ የምትደርስ ይመስል። ዘጋችና ተቀመጠች። አያ ሞላ እህል አቁሟል። የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ስሞት የት ትቀብሩኛላችሁ? የአባቶቹ መቃብር እዚህ ሚካኤል ነው። ግዝቱ ካልተፈታ ፍትሐት የለውም፣ ከአጥሩም ውስጥ አይገባም።

ወ. ዘይቱን መልሳ አነሣች። ትንሽ ቀባች። ከዚያ ቀና አለችና ያቺ ወፍ በሕይወት ትኖር ይሆን? አለችኝ። ክንፏ አይታመማትም?

አላውቅም አልኩ። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ሦስቴ ደገምኩት።

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። አባ ዘውዴ ይባላሉ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ ስናዘዝ ያንቀላፋሉ። እስከ ዛሬ ሌላ ሌላውን እነግራቸው ነበር። ዛሬ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላንቀላፉም።

መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ስገጂ፣ ጹሚ የሚሉኝ መስሎኝ ነበር። ተመኝቼውም ነበር፤ ስግደት ቀላል ነው። እሳቸው ግን ልጄ፣ በአደባባይ የታሰረ በጓዳ አይፈታም አሉኝ። እኔ ያንቺን እሰማለሁ፣ የሞላን ግን መፍታት አልችልም። እሱን የሚፈታው ሕዝቡ ፊት የሚነገር ነው። በሚካኤል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እንደ ደንቡ ድንጋይ በማጅራትሽ ተሸክመሽ።

አባ፣ ከዚያ በኋላ የት እኖራለሁ? አልኳቸው።

እሱስ እስከ ዛሬ የት ኖረ? አሉኝ።

ኅዳር 30፣ ማክሰኞ

ስድስት ቀን አልጻፍኩም። ቆረጥኩ፣ ቀረጽኩ። ሃያ ሁለት ደርሷል። ሁሉም ከገበያ የተገዛ እንጨት ነው። አልጋዬ ሥር ባዶ ነው። አሁን ለወ. ልጅ አንድ መስጠት እችላለሁ፤ ንጹሕ እንጨት ነው። ግን እጄ አልዘረጋ አለ።

የማጣውን ስቆጥር ዋልኩ። ማኅበሬ። ዕድሬ፤ ስሞት ማን ይሸከመኛል? የባሌ አጥንት በግቢው ውስጥ ነው፤ ያወጡት ይሆን? ደግሞ ወ. ከሁሉም ይልቅ ወ. በዚህ ዓለም ስሜን አቆላምጦ የሚጠራ ሌላ ሰው የለኝም። የሺዬ ትለኛለች። ሌላው ሁሉ እማማ ነው የሚለኝ፣ ወይ ደግሞ አንቺ።

ታኅሣሥ 3፣ ዓርብ። ምሳ ሰዓት

ወ. ነገ ጋሸና ልትወርድ ነው። አብረሽኝ ነይ አለች፤ አንቺ ዝም ብለሽ ስትቀመጪ በሽተኛ ደስ ይለዋል፣ እኔ ግን አፌ አያርፍም፣ ገና ሳይሞት አስለቅሰዋለሁ።

እሺ አልኩ። ይሄ ‘እሺ’ ግን ከሌሎቹ ይለያል። ሳላውቀው አይደለም ያልኩት።

ታኅሣሥ 4፣ ቅዳሜ። ጋሸና፣ ከሰዓት 10 ሰዓት

የምጽፈው ከምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ጀሪካን ላይ ተቀምጬ ነው። ጀሪካኑ ይወዛወዛል፤ ጽሑፌ ከተበላሸ ይቅር በለኝ።

ነገርኩት።

አያ ሞላ ከምግብ ቤቱ በስተኋላ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተኝቷል። የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። ከስቷል፤ ዓይኑ ግን ያው ነው። አወቀኝ። የደምሴ ሚስት አይደለሽም እንዴ? አለ፣ ወደ ወ. ዞሮም፣ እንጨት ትሠራለች ያልሽኝ እሷ ናት? አላት። ወ. ውኃ ልታጠጣው ቀና ታደርገው ነበር። እኔም ቆሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ወፏ እኔ ነኝ አልኩ። የቆረጠው ደምሴ ነው አልኩ። ሁሉንም አልኩ። ስሙን ጻፍኩት፣ አየህ?

ወ. ጉድ ፈላ፣ መንገዱ አዞራት መሰል፣ ተቀመጪ እስቲ አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አየችው። ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጠች።

አያ ሞላ በክርኑ ሊነሣ ሞከረ። ከዚያ የጠየቀኝን በሕልሜም አላስብም ነበር።

“እንጨቱስ? የት ደረሰ?”

ሲጠብቅ የኖረው ይህን ነው። እዚህ መናኸሪያ ጥበቃ ነበር። እንጨት የጫነ መኪና ሲያልፍ ሳያሸት አላሳለፈም፣ ወይራዋን አገኝ ይሆናል ብሎ። ሾፌሮች አሽታቹ እያሉ ይጠሩት ነበር። አንድም ቀን አላገኛትም።

መክተፊያ አደረግኋት አልኩ። ፈረንጆች ወሰዷት። ሽንኩርት ይከትፉባታል።

ሳቀ። እግዜር ያውቃል፣ ሳቀ። “ሽንኩርት! እኔ እዚህ የመኪና ጭራ ሳሸት፣ እሷ ባሕር ተሻግራ ሽንኩርት ይከተፍባታል!” ሳሉ እስኪያፍነው ሳቀ። ልጁ ከማዕድ ቤት ሮጣ መጣች። ሳቁ ሲያልቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ሳይዞር ነው የተናገረኝ። ፍጠኚ አለኝ። ለኔ አይደለም፣ የኔ ነገር አልፏል፤ ይቺን ልጅ ለትዳር የሚጠይቃት ሁሉ የማን ልጅ ናት ሲል ይመለሳል።

ወ. አንድ ቃል አልተናገረችም። ወ.! አንድ ቃል!

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ጠዋት በሚኒባስ ተመለስን። ወ. ፊት ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች፤ እኔ ከኋላ ከፍየሎቹ ጋር። ሾፌሩ ዘፈን ከፈተ፤ ዝጋው አለችው። ላሊበላ ስንወርድ ዞር ብላ ጠበቀችኝ። እጆቿን ፊቴ ዘረጋቻቸው፣ መዳፏን ወደ ላይ አድርጋ። ኑጉ ቆዳዋ ውስጥ ገብቷል፤ ታጥቦ አይለቅም።

“ሁለት ዓመት አስቀባሽኝ” አለችኝ።

ሄደች። ከኋላዋ አልተከተልኩም። ምን ብዬ?

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

አልመጣችም። ሦስተኛ ቀን። መክተፊያዎቹ ደረቅ ሆነው ግድግዳ ተደግፈዋል። ዘይት ያልነካው እንጨት የታመመ ሰው ይመስላል። ራሴ ልቀባ ጨርቁን አነሣሁ፤ መልሼ አስቀመጥኩት።

የሰፈሩ ሰው ምንም አልሰማም። ወ. ለማንም አልተናገረችም። ብትናገር ይሻለኝ ነበር። እሷ ብትጮህ፣ ሕዝቡ ቢመጣ፣ በሬን ቢሰብር፣ ያኔ እኔ መናገር አይኖርብኝም ነበር። እሷም ይህን አውቃ ይመስለኛል ዝም ያለችው። አፌን ለኔ ተወችልኝ።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ

ሲሳይ መጣ። መክተፊያዎቹ ሳይቀቡ ሲያያቸው ፀጉሩን ያዘ። “እማዬ፣ ገደላችሁኝ! ተጣልታችሁ ነው? ለገና ምን ልሸጥ፣ ላሊበላን?” ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አመጣ። አዲስ አበባ የገና ባዛር አለ። የእጅ ሥራ ይፈለጋል። መኪናው እሑድ በማለዳ ይነሣል፤ ያለውን ሁሉ ጭነን አብረን እንሂድ፣ ሁለት ሳምንት ነው፣ የምታርፊበት የአክስቴ ቤት አለ።

እሑድ 12 ነው። ሚካኤል ነው።

እሺ አልኩት።

ደብተሬ፣ እሺ አልኩት! አፌ ራሱ ነው ያለው። ሁለት ሳምንት። እስከዚያ አያ ሞላ... ልጽፈው አልችልም። ከዚያ በኋላ መናገሩም ማንን ይፈታል? ሰው ከሞተ በኋላ ለመቃብር ብነግር፣ እኔ ብቻ ነኝ የምቀልለው። በሩ ይኸው ተከፈተልኝ፣ ማንም ሳያየኝ እወጣለሁ። ስንት ዓመት የተመኘሁት በር ነው። ሳየው ግን የመውጫ በር አይመስልም።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ። ከሰዓት

የሲሳይ ጓደኛ መጥቶ መክተፊያዎቹን በጆንያ ከተተ። ትናንሽ መስቀሎቹንም። ልብሴን በነጠላ ጠቀለልኩ። ፈታሁት። ጠቀለልኩት።

ወደ ሲሳይ ሄጄ ከጋሸና ስልክ አለ ወይ አልኩት። አለ፤ አያ ሞላ እስካሁን አለ፣ ትንሽ ትንሽ ውኃ ይቀምሳል፣ ዛሬ ስንተኛው ቀን ነው እያለ ይጠይቃል።

ስንተኛው ቀን ነው ይላል። 12ን እየጠበቀ ነው። አባ ዘውዴ የነገሩኝን እኔ አልነገርኩትም፤ የሚካኤል ጠባቂ የነበረ ሰው ግን ቀኑን ያውቀዋል።

ለሲሳይ እምቢ አልኩት። መክተፊያውን ውሰድ፣ እኔ አልሄድም አልኩት። የእውነት ደነገጠ። ምነው አሞሻል? አለ። የለም፣ ነገ ሚካኤል ነው አልኩ። በዓመት አሥራ ሁለት ሚካኤል አለ እማዬ፣ ባዛር አንድ ነው አለኝ። ለማንኛውም ሲነጋ በደጅሽ አልፋለሁ፣ ጥሩምባ እነፋለሁ፣ ሐሳብሽን ከቀየርሽ ውጪ።

እየመጣሁ ከወንዙ ዳር አንድ ድንጋይ መረጥኩ። ልሙጥ፣ ማጅራት ላይ የሚቀመጥ። ደጃፌ አኖርኩት።

የምለውን ደጋግሜ አልኩት። ግድግዳውን እያየሁ። ጋዜጣው ሁሉ ሰማኝ። “እኔ የሺ፣ የደምሴ ሚስት፣ አውጫጭኝ ላይ ወፍ የሆንኩት እኔ ነኝ። ወይራዋን የቆረጠው ባሌ ነው። አያ ሞላ ንጹሕ ነው። የሰጠኋችሁም አትሮንስ ከዚያችው ወይራ ነው፣ የራሳችሁ ነው።” ከዚህ በላይ አልጨምርም። ዛሬ ግን ምንም አልውጥም።

ታኅሣሥ 12፣ እሑድ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል

ተነሥቼ ነጠላዬን ስለብስ በሩ ተንኳኳ። ሲሳይ መሰለኝ። ወ. ናት። ገባችም አልገባችም፣ መድረኩ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተቀመጠች። ሳምንቱን ያለመናገሯን ስለለመድኩ፣ ድምፅዋ አስደነገጠኝ።

“የሲሳይ መኪና ዛሬ እንደሚነሣ ሰምቻለሁ። እንዳታመልጪ ነው የመጣሁት። ታረቀችኝ እንዳትዪ።”

አልልም አልኳት።

ብርሃኑ ቀስ እያለ መጣ። ድንጋዩን አየችው። አነሣችው፣ በአንድ እጇ መዘነችው።

“ይቺ ምንድን ናት? ነጭ ሽንኩርት ልትወቅጪባት ነው? የኔ ባል የተሸከመው ይሄን ያህላል?”

ወረወረችው። ተነሥታ ወደ ወንዙ ወረደች። ይህን የምጽፈው እሷ እስክትመለስ ነው። ከላይ ካህናቱ ጀምረዋል፣ ዜማው ይሰማኛል። ከታች ሲሳይ ጥሩምባ ነፋ። አንዴ። ሁለቴ። አሁን መኪናው ሄደ።

ተመለሰች። ጭኗ ድረስ ረጥባለች፣ እያለከለከች ነው፤ ያመጣችውን ደጃፉ ላይ ስትጥለው ቤቱ ተንቀጠቀጠ። ብቻዬን ከመሬት አላነሣውም። እሷ ናት የምትጭነኝ። ነይ ጎንበስ በይ ትለኛለች